በላፕቶፕ ማዳመጫ ውስጥ ስለሚሰማ ጩኸት

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ኤሌክትሪክ ለሰው ልጅ ስለሚሰጠው ጥቅም ተማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ ሳይጽፍ አይቀርም። ቤት ያበራል፤ ወፍጮ ያዞራል፤ ምጣድ ያግላል፤ ይህን የማያውቅ የጭሮ ልጅ የለም። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያሰማው ጩኸት ነው። ጩኸት ስል በላፕቶፕ ላይ ኢርፎን የምንለውን የጆሮ ማዳመጫ ሰክተን ስናዳምጥ፥ ከንግግሩ ሥር «ዝዝዝ» ወይም «እምምም» እያለ የሚሰማውን ማለቴ ነው። ምናልባት አንባቢ «ይህ ምን ቁም ነገር አለውና ነው ወረቀት የሚያስጨርሰው?» ይል ይሆናል። ነገሩ የዘፈን ማዳመጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እንዲሁ ባልሁ ነበር። ዳሩ ግን ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ ማዳመጫው የንባብ ዐይኑ ነው።

ይህ ጓደኛዬ ዐይነ ስውር ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ አልጽፈውም። ሁለታችንም ተወልደን ያደግነው እዚሁ ጭሮ ነው፤ እናቶቻችን ግን ዛሬም ከተማዋን አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ጓደኛዬ ብሬል በጣቱ ማንበብ ያውቃል፤ ነገር ግን በብሬል የተጻፈ የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ዘመዱ በሰጠው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ኤን ቪ ዲ ኤ የሚባል ፕሮግራም ይጠቀማል። ፕሮግራሙ ያለ ዋጋ የሚታደል ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ ራሱም ዐይነ ስውር የሆነ የአውስትራሊያ ወጣት ነው። ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ የለሰለሰ አይደለም፤ ደረቅና ፈጣን ነው። እኔ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመለየት ስታገል ጓደኛዬ ገጹን ጨርሶ ይጠብቀኛል።

እንግዲህ እንዲህ ላለው አንባቢ ጩኸት ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። «ሰጠ» እና «ሸጠ»፥ «ሠራ» እና «ፈራ»፥ «ቀዳ» እና «ከዳ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ ያችም ፊደል በጥርስና በከንፈር መካከል እንደ ትንፋሽ የምታልፍ ወይም ከጉሮሮ ፈንድታ የምትወጣ አጭር ድምፅ ናት። አናባቢው ጮክ ብሎ ይሰማል፤ ተነባቢዋ ግን ስስ ስለ ሆነች በጩኸት ቶሎ ትሸፈናለች። አንድ ቀን በአማርኛ ምንባብ ውስጥ ሰውዬው በሬውን ለወንድሙ «ሰጠ» የሚለውን ጓደኛዬ «ሸጠ» ብሎ መለሰና ክፍሉ ሳቀ። እርሱ አልሳቀም። ከክፍል ስንወጣ «አቦ፥ እኔ የሰማሁትን ነው የመለስሁት፤ ጆሮዬ ውስጥ ዝንብ አለ» አለኝ። ዝንብ ያለው ይህን ጩኸት ነው።

ዝንቡ የሚመጣው ቻርጀሩ ሲሰካ ነው። ባትሪው አርጅቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚቆይ ያለ ቻርጀር መሥራት አይቻልም። ብሔራዊው ፈተና ደግሞ እየቀረበ ነበር። ኮምፒውተር ወደሚጠግን አንድ ሰው ዘንድ ወስዶት ኖሮ፥ ሰውዬው ማሽኑን ሳይከፍት «የድምፁ ክፍል ተቃጥሏል፤ ዋናው ቦርድ መለወጥ አለበት» አለው። የጠየቀው ዋጋ ለእነ ጓደኛዬ ቤት ቀላል አልነበረም። እናቱ ለበዓል ብለው ያደለቡትን በግ ገበያ ሊያወጡት ተነሡ። እኔም ይህን ስሰማ ቤታቸው ሄጄ «እማማ፥ በጉን አይሽጡት፤ አንድ ሳምንት ይስጡን» አልኋቸው። እርሳቸውም «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንኸው?» ብለው ሳቁና ሳምንቱን ሰጡን።

ምስር የሚለቅም ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ አያፍስም፤ አንድ ፍሬ አንሥቶ ያያል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ማዳመጥ። ከሁሉ አስቀድሞ ማዳመጫውን ከላፕቶፑ ነቅለን በስልኬ ላይ ሰካነው፤ ድምፁ የጠራ ሆነ፤ ስለዚህ ማዳመጫው ንጹሕ ነው። ቀጥለን ማዳመጫውን ወደ ላፕቶፑ መልሰን ቻርጀሩን ነቀልን። ዝንቡ በቢላዋ እንደ ተቈረጠ ያህል ወዲያው ጠፋ። በዚህ ጊዜ ለጓደኛዬ «ቦርድህ አልተቃጠለም» አልሁት። የተቃጠለ ነገር ቢሆን በባትሪም መጮኹን ባልተወ ነበርና።

ሦስተኛው ፈተና በእውነቱ ከሁሉ ያስደሰተኝ ነው። ቻርጀሩን መልሰን ሰክተን የማሽኑን ድምፅ መጠን እስከ ታች ዝቅ አደረግነው። ንግግሩ ጠፋ፤ ጩኸቱ ግን ሳይቀንስ ባለበት ቀረ። ይህ ማለት ጩኸቱ የሚገባው መጠኑ ከሚወሰንበት ቦታ በኋላ፥ ወደ ማዳመጫው ሊወጣ ሲል ነው ማለት ነው። ጩኸቱ አብሮ ቢቀንስ ኖሮ ምንጩን ከዚያ በፊት መፈለግ ይገባን ነበር። ከዚህም አንድ ያለ ዋጋ የሚገኝ መፍትሔ ወጣ። ጓደኛዬ የማሽኑን መጠን እስከ እኩሌታ ብቻ ከፍቶ ነበር የሚያዳምጠው። እኛ ግን የማሽኑን መጠን ወደ ላይ ከፍ አድርገን፥ በማዳመጫው ገመድ ላይ ባለችው ትንሽ መቈጣጠሪያ ዝቅ አደረግነው። ንግግሩ ከጩኸቱ በላይ ከፍ ብሎ ስለ ወጣ፥ ኋላ ሁለቱም በአንድነት ሲቀነሱ ዝንቡ ከሩቅ የሚሰማ ሆነ። ገመዱ ላይ መቈጣጠሪያ ያለው ማዳመጫ ያላችሁ ሁሉ ይህን ዛሬ ማታ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ማይክሮፎኑንም ዘጋነው። አንዳንድ ላፕቶፕ በማይክሮፎኑ የሰማውን መልሶ ወደ ማዳመጫው እንዲልክ ሆኖ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ በዚህ ጊዜ የክፍሉ ሁካታና የማራገቢያው ድምፅ ሁሉ በጆሮ ይገባል። በእኛ ዘንድ ይህ ምንም አልለወጠም። ስልኮቻችንንም ከጠረጴዛው አነሣን። ስልክ ከመጥራቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሬዲዮኑ ወይም ማዳመጫው «ድድድት፥ ድድድት» ሲል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ቱ ጂ በሚባለው አሠራር እስከ ስምንት ስልኮች በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ተራ በተራ ይጠቀማሉ፤ እያንዳንዱ ስልክ ተራው ሲደርስ የሚልከው አጭር ምት በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ይደጋገማል፤ የማዳመጫው ገመድም ያንን እንደ አንቴና ይቀበላል። ይህ ግን መጥቶ የሚሄድ ጩኸት ነው። የእኛው ዝንብ ቻርጀሩ እስካለ ድረስ አይሄድም።

ታዲያ ቻርጀሩ ይለወጥ ማለት ቀላል ነበር። እኔም ሊሆን ይችላል ብዬ ሳስብ፥ ጓደኛዬ አንድ ነገር አስታወሰኝ፤ «በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ስሠራ እኮ ዝንቡ የለም» አለኝ። በማግሥቱ ይህንኑ ለማረጋገጥ ላፕቶፑን፥ ቻርጀሩንና ማዳመጫውን ይዘን በኮምፒውተሩ ክፍል ሶኬት ላይ ሰካን። እውነትም ጭጭ አለ። ማሽኑ ያው፥ ቻርጀሩ ያው፥ ማዳመጫውም ያው ነው፤ የተለወጠው ግድግዳው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቻርጀር በውስጡ ምን እንደሚሠራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ላፕቶፑ ግን የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ወደ 19 ቮልት የሚሆን ቀጥ ያለ ኤሌክትሪክ ነው። የድሮዎቹ መለወጫዎች ይህን ያደርጉ የነበረው በብረት ላይ በተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ስለ ነበረ እንደ ድንጋይ ይከብዱ ነበር። የዛሬው ቻርጀር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየቈራረጠ ስለሚሠራ ቀላልና ትንሽ ነው። ነገር ግን ዳቦ በተቈረሰበት ሁሉ ፍርፋሪ አይጠፋም። ይህ የኤሌክትሪክ ፍርፋሪ ወደ መሬት እንዲወርድ መንገድ ተሠርቶለታል፤ እርሱም ኧርዝ የሚባለው ሦስተኛው ሽቦ ነው፤ በክቡ ስፒና ላይ ጎንና ጎን የሚታየው ብረት የእርሱ በር ነው። በጨርጨር ተራሮች የሚያርስ ገበሬ ከእርሻው በላይ ቦይ የሚያወጣው ጎርፉ በቦይ እንዲሄድለት ነው። ቦዩ የተደፈነ እንደ ሆነ ጎርፉ አይቀርም፤ በማሳው ውስጥ ያልፋል። ፍርፋሪውም ኧርዝ ያጣ እንደ ሆነ በላፕቶፑ ብረት፥ በማዳመጫው ገመድና በሰውዬው አካል በኩል መንገድ ይፈልጋል።

በጓደኛዬ ቤት ለዚህ ምስክር አገኘን። ቻርጀሩ እንደ ተሰካ እጄን በላፕቶፑ ብረት ላይ በቀስታ ሳንሸራትት ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝ። ጓደኛዬ «ይህንማ ሁልጊዜ ነው የማውቀው፤ የላፕቶፕ ጠባይ መስሎኝ ነበር» አለ። መብራት የሚሠራው አጎቴ መጥቶ አምፖል ባላት መፈተሻ ካቻቢቴው ብረቱን ቢነካው አምፖሏ ፈዘዝ ብላ በራች። በቻርጀሩ ውስጥ ፍርፋሪውን ወደ ኧርዝ እንዲያወርዱ የተደረጉ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ኧርዙ ሲጠፋ እነርሱ 220ውን ለሁለት ያካፍሉትና ብረቱ ላይ ወደ 110 ቮልት ገደማ ይቆማል። በደኅና ቻርጀር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከአንድ ሺኛ አምፔር በታች በመሆኑ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። ነገር ግን አጎቴ እንዳለው በእውነት ሽቦው የተላጠ ዕቃም ሲጀምር የሚነዝረው እንዲሁ ነው፤ በእጅ ብቻ ማን ይለየዋል? ስለዚህ «ለምጄዋለሁ» ማለት ጥሩ አይመስለኝም።

አጎቴ ማከፋፈያውን ከግድግዳው ነቀለና በካቻቢቴው ፈታው። ከውጭ ሲያዩት ለኧርዝ የተዘጋጀው ብረት በየቀዳዳው ጎን ያብለጨልጫል። ከውስጥ ግን ገመዱ የያዘው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ የሚያብለጨልጨው ብረት ከምንም አልተያያዘም። ከበር መልስ ቤት የሌለው ማለት ይህ ነው! ጓደኛዬ በጣቱ ዳስሶ ቈጠራቸውና «ሁለት» አለ፤ እንደገናም ቈጥሮ «ሁለት» አለ።

አዲስ ባለ ሦስት ሽቦ ማከፋፈያ ተገዛ። ጩኸቱ ግን ያው ነው። ይህ ጓደኛዬን እጅግ አሳዘነው፤ እናቱም በጉን ወደሚታሰርበት በኩል አየት አደረጉ። ሆኖም አጎቴ ገና ሲጀምር «አንድ በር መክፈት አይበቃም፤ መንገዱን እስከ መሬት ድረስ መከተል ነው» ብሎ ነበር። ዋናውን መብራት ከቆጣሪው አጥፍቶ የግድግዳውን ሶኬት ከፈተ። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የኧርዝ ሽቦ በቦታው አለ፤ በሌላው ጫፉ ግን ከቆጣሪው አጠገብ ተቈርጦ ተንጠልጥሏል። ቤቱ ሲሠራ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ዘንግ ሳይቀበር ቀርቷል ማለት ነው። አጎቴም በመዳብ የተለበጠ ዘንግ አምጥቶ ከቧንቧው አጠገብ፥ እርጥበት በማይጠፋበት ቦታ በመዶሻ አወረደው፤ ሽቦውንም በቈላፊ አሰረበት። እርጥብ ቦታ የመረጠው ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክን እንደሚገባ ስለማያሳልፍ ነው። ይህ ሥራ የባለሙያ ነው፤ እኔ መዶሻ ከማቀበል በቀር የነካሁት ነገር የለም፤ አንባቢም ቆጣሪ አካባቢ ራሱ እንዳይገባ እለምናለሁ።

መብራቱ ተመለሰ። ጓደኛዬ ቻርጀሩን ሰክቶ ማዳመጫውን በጆሮው አደረገና ዝም አለ። ብዙ ቈየ። እኔም «እ?» ብለው እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘኝ። ኋላ ነው ነገሩን የተረዳሁት፤ ለካ ማንበብ ጀምሮ ኖሯል።

ስለዚህ ጩኸት በሰፈራችን የሚነገረው ምክንያት ብዙ ነው። ምጣዱ ነው የሚሉ አሉ፤ ምጣድ ግን የሚግል ሽቦ ብቻ ስለ ሆነ መብራቱን ያደክማል እንጂ እምብዛም አይጮኽም። ይልቅስ የጎረቤት ብየዳ፥ የወፍጮ ሞተር ሲነሣ፥ ርካሽ ቆጣቢ አምፖልም ብዙ ጊዜ ጥፋተኞች ናቸው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሚኤሶው ወሬ ነው። ጓደኛዬ ለገና በዓል ሚኤሶ ወደምትኖረው አክስቱ ዘንድ ላፕቶፑን ይዞ ወርዶ ነበር፤ ዝንቡ እዚያም ጠበቀው። የሰፈሩ ሰዎች «ባቡሩ ነው» አሉት። የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲሱ የባቡር መሥመር በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀ ሲሆን በሚኤሶ በኩል ያልፋል፤ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦም 25,000 ቮልት ይይዛል። ሰው ቢጠረጥረው አይፈረድበትም፤ እንዲህ ያለ ሽቦ ከጎኑ ረጅም ርቀት አብሮት በሚሄድ የስልክ ሽቦ ላይ ጩኸት ማሳደር ይችላልና። ጓደኛዬ ግን ቻርጀሩን ነቅሎ፥ ላፕቶፑን በባትሪ አስነሥቶ፥ ባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ድረስ ሄዶ አዳመጠ። ምንም የለም። ተመልሶ የአክስቱን ማከፋፈያ ሲያስፈታ ያውም ባለ ሁለት ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ባቡሩ በነጻ ተለቀቀ።

የሽቦ ጩኸት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1876 የስልክን የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ የመጀመሪያዎቹ መሥመሮች አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ሽቦ ነበሩ፤ መመለሻቸው መሬት ነበር። ከጎናቸው የቴሌግራፍ ሽቦ ሲያልፍ የቴሌግራፉ ምት በስልኩ ይሰማ ነበር፤ ኋላም በየከተማው የኤሌክትሪክ ትራም ሲመጣ ጩኸቱ የባሰ ሆነ። ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ሁለት ሽቦ እንደ ሹሩባ እርስ በርሱ የሚጠመዘዝበትን መንገድ አስመዘገበ። ሁለቱ ሽቦዎች ተጠምዝዘው ሲሄዱ ከውጭ የሚመጣው ጩኸት በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል፤ መቀበያው የሚሰማው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስለ ሆነ እኩል የሆነው ይጠፋፋል። በኮምፒውተር ክፍላችን የተጣለ የኔትወርክ ገመድ ብትልጡ አራት ጥንድ ሹሩባ ታገኛላችሁ። የማዳመጫ ገመድ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ የግራና የቀኝ ጆሮ ሽቦዎች አንድ መመለሻ ይጋራሉ፤ ፍርፋሪው የሚገባውም በዚያ በጋራው መመለሻ ነው።

አሁን ደግሞ ኧርዝ ራሱ ጩኸት ያመጣበትን ቀን ልንገራችሁ፤ ያለበለዚያ አንዳንዱ ሰው ኧርዝ የሁሉ መድኃኒት ነው ብሎ ይሄዳል። ለአንድ የወላጆች በዓል ጓደኛዬ በመድረክ ላይ ላፕቶፑ የሚያነብለትን በማዳመጫ እየሰማ በማይክሮፎን ንግግር እንዲያደርግ ተመረጠ። የመግቢያው ሙዚቃ ከዚያው ላፕቶፕ ስለሚወጣ ላፕቶፑ ከድምፅ ማጉያው ጋር በገመድ ተያያዘ። ወዲያው አዳራሹ «እምምም» አለ፤ የንብ ቀፎ የተነካ ይመስል ነበር። ቻርጀሩ ባለ ሦስት ሽቦ ነው፤ ማጉያውም ባለ ሦስት ሽቦ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ከመድረኩ ጀርባ፥ ሌላው ከአዳራሹ በር አጠገብ ተሰክተዋል። ሁለቱ ኧርዞች በግድግዳው ሽቦ ዞረው ይገናኛሉ፤ በድምፁም ገመድ በኩል ሁለተኛ ጊዜ ይገናኛሉ፤ በዚህ ጊዜ ትልቅ ክብ ቀለበት ይሆናል። በዚህ ቀለበት ውስጥ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ጥቂት ወራጅ ያስነሣበታል፤ ያም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ወራጅ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይጮኻል።

ድምፁን ያዘጋጅ የነበረ ሰው መድኃኒቱ በእጁ ነበረ፤ ፕላስተር አውጥቶ በማጉያው ስፒና ጎን ያለውን ብረት ሊሸፍነው ጀመረ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ጭጭ ይላል» አለ። እውነቱን ነው፤ ቀለበቱ ስለሚቈረጥ ጭጭ ይላል። ነገር ግን በማጉያው ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቅቆ ሣጥኑን ቢነካ፥ ኧርዝ ካለው ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ብሬከሩ ይወድቃል፤ ኧርዝ ከሌለው 220ው በማይክሮፎኑ ብረት ላይ ቆሞ የሚነካውን ይጠብቃል። ማይክሮፎኑን የሚይዘው ደግሞ ጓደኛዬ ነው። እኔ ትልቅ ሰው መቃወም አልወድም፤ በዚያን ቀን ግን «ጋሼ፥ እባክዎ ይተዉት፤ ሌላ መንገድ አለ» ብዬ ስፒናውን ያዝሁ። ቅር እያላቸው ተዉት። እኛም ማጉያውንና ላፕቶፑን በአንድ ማከፋፈያ ላይ አደረግናቸው። ሁለቱ ኧርዞች እዚያው አጠገብ ለአጠገብ ስለ ተገናኙ ቀለበቱ ጠበበ፤ የአዳራሹም ጩኸት እጅግ ቀነሰ። ለሙዚቃው ጊዜ ደግሞ ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ነቀልነው፤ ያረጀችው ባትሪ ለአሥር ደቂቃ አታንስምና። ከዚያም ወዲህ በድምፁ ገመድ መካከል የሚገባ ድምፅ የሚያሳልፍ፥ ሽቦን ከሽቦ ግን የማያገናኝ ትንሽ ትራንስፎርመር ተገዝቷል፤ ቀለበቱን ያለ አደጋ የሚቈርጠው ይህ ነው።

በጓደኛዬ ቤት ዝንቡ ከሄደ በኋላ አንዲት ቀጭን ፉጨት ቀርታ ነበር። ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ትወጣለች፤ ሲያርፍ ትጠፋለች። ይህች ከግድግዳው ሳይሆን ከላፕቶፑ ከራሱ አንጎል ናት፤ የድምፁ ክፍል ከብዙ ፈጣን ሥራ አጠገብ በአንድ ቦርድ ላይ ስለ ተቀመጠ ይሰማዋል። ከአሮጌ የኮምፒውተር ገመድ ላይ ያወለቅነውን ፌራይት የሚባል ጥቁር ቀለበት በቻርጀሩ ሽቦ ላይ አደረግንበት፤ ለእርስዋ ምንም አልረባም። በዩኤስቢ ቀዳዳ የምትሰካ፥ ጣት የምታህል የድምፅ መለወጫ ግን ድምፁን ከቦርዱ አውጥታ ከውጭ ስለምታዘጋጀው ፉጨቷን አጠፋችልን። ዋጋዋ ከበጉ አንድ እግር አይደርስም። በጉ ለበዓሉ ታርዶ እኔም ተጋብዣለሁ።

የቀረው የቀትር ጊዜ ነው። ከቤታቸው ጀርባ ያለው ብየዳ ቤት ሥራ ሲጀምር «ጥስ፥ ጥስ» የሚል ድምፅ አሁንም አልፎ አልፎ ይገባል፤ ለዚያ የሚሆን ነገር አላገኘንም። ጓደኛዬ በዚያ ሰዓት ላፕቶፑን ዘግቶ በብሬል ያነባል። በሰፈራችን እስከ ዛሬ ሰባት ማከፋፈያ አስፈትተናል፤ አራቱ ባለ ሁለት ሽቦ ነበሩ። በዚህ ሰሞን ደግሞ ገለምሶ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ደውሎ በእርሱም ላፕቶፕ እንዲሁ ያለ ድምፅ እንደሚሰማ፥ ብረቱም እንደሚነዝረው ነገረን። የፊታችን ቅዳሜ በበዴሳ በኩል በሚያልፈው መኪና እንሄዳለን። አጎቴ ሥራ ስላለው አይመጣም፤ መፈተሻ ካቻቢቴውን ግን አውሶናል፤ የግድግዳ ሶኬትና ቆጣሪ እንዳንነካም አስምሎናል። ማከፋፈያው ከተነቀለ በኋላ ሽቦውን የሚቈጥረው ጓደኛዬ ነው።